እናትሽ አጥፊው ያለችው

ፀዳ፣ ጎንደር
ኅዳር ፲፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ለልጄ ለልዕልት አዳነ
ጅግጅጋ

ልዕልቴ፣

እንዴት ሰንብተሻል? ባለቤትሽስ፣ ያቺ ገና በዓይኔ ያላየኋት የልጅ ልጄስ? ጥርስ አወጣች ያልሽኝ ዕለት እስከ አዘዞ ድረስ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስናገር ዋልኩ፤ ጥርሱን ያበቀልኩት እኔ ይመስል። የእኔን ጤና ብትጠይቂ ጉልበቴ ትንሽ ከማስቸገሩ በቀር ደህና ነኝ። ውስጤን ብትጠይቂ ግን አስጠልቶኛል። ሰውም ማሽንም አስጠልቶኛል፤ ከሁሉ የባሰ ራሴ አስጠልቶኛል። ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት እሑድ ሞከርኩ። አንቺ «አባዬ» ስትይኝ ምላሴ ይታሰራል። ስለዚህ እንደ ድሮው በብዕር መጣሁ።

ደብዳቤውንና አብሮት ያለውን በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር የምታደርስልሽ ጎረቤታችን ወይዘሮ እንኳየሁ ናት፤ ልጇን ልትጠይቅ ወደዚያ ትወርዳለች። ጨርቁን ከመፍታትሽ በፊት ደብዳቤውን ጨርሺ። አደራ።

ነሐሴ ላይ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። እናትሽ በታመመች ዓመት፣ ጥቅምት ላይ መጥተሽ፣ ላፕቶፕሽን ከአልጋዋ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጠሽ፣ ቀዩን ነጥብ መጫን አስተምረሻት ወደ ሥራሽ ተመለስሽ። «እማዬ፣ ሲሻልሽ ሲሻልሽ የለቅሶ ግጥሞችሽን ተናገሪበት» ብለሻት ነበር። በአገሯ በትክል ድንጋይ የእናትሽን የእታገኘሁን ያህል አልቃሽ እንዳልነበረ ታውቂያለሽ፤ እሷ ያልቆመችበት ለቅሶ ለቅሶ አይባልም ነበር። ነሐሴ ላይ ደግሞ ወልደሽ ተነሣሽና፣ «አባዬ፣ የእማዬን ድምፅ ላክልኝ፣ ልጄ አያቷን ትስማ። አንተም ብቻህን ምን ትሠራለህ፣ ጠቅልለህ ና። እማዬን እንዳስታመምካት እኔ ደግሞ አንተን ልያዝህ። አንተ ያለህበት ቤት ይባረካል» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። ማታ ማታ የልጅቷን ስም ለብቻዬ እየጠራሁ አፌን አስለምድ ነበር።

ችግሩ ላፕቶፑ ሆነ። ትተሽልኝ ስትሄጂም ወጣት አልነበረም። ሰበካ ጉባኤው የክርስትና ምስክር ወረቀት የሚያስጽፈው እኔ ዘንድ ስለሆነ፣ በዚያው እየተጎተተ ሲያገለግል ከረመ። ጠዋት ቁልፉን ተጭኜ ውዳሴ ማርያም እጀምራለሁ። የዕለቱን እጨርሳለሁ፤ ነጩ ክብ ይዞራል። መልክአ ማርያም እደግማለሁ፤ ገና ይዞራል። «ለጸሎት ጊዜ የሚሰጥ ማሽን» እያልኩ ለሰው አወራ ነበር። አሁን ሳስበው ያቅለሸልሸኛል። ማሽኑ ፈጣን ቢሆን ኖሮ ያ ጸሎት ሁሉ አይኖርም ነበር ማለት ነው።

«እማዬ» ብለሽ ስም ያወጣሽለትን የድምፆቿን ማኅደር ልከፍት ስሞክር ግን ጭራሽ ድርቅ አለ። ከሆዱ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዱንም ልከፍት አልቻልኩም።

ይህን ጭንቀቴን ለአያ በላቸው አጫወትኩት፤ የቅዱስ ሚካኤል ማኅበራችንን በሙሴነት የሚመራውን ማለቴ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ በስልኩ የማያገኘው ነገር የለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሥር እንደሚሸጥ መድኃኒት አዋቂ፣ «ማፍጠኛ አለኝ» አለኝ። ከቴሌግራም ያወረደውን ፕሮግራም በፍላሽ አምጥቶ ጫነልኝ። «በል ነገ ታመሰግነኛለህ» ብሎኝ ሄደ።

በማግስቱ መምሬ ህሩይ ሕፃን ያቀፈ አባት አስከትለው መጡ። የነፍስ አባታችን እንደ ድሮው ናቸው፤ ዓይናቸው ብቻ ትንሽ ደክሟል። አጠገቤ ተቀመጡ። የሕፃኑን የክርስትና ስም «ወልደ» ብዬ ጽፌ «ሚካኤል» ልል ስል፣ ስክሪኑ ላይ እርቃኗን የሆነች ሴት ድንገት ብቅ አለች።

«አያ አዳነ፣ ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አሉኝ መምሬ።

«ይፍቱኝ መምሬ፣ እኔ አላመጣኋትም!»

«ባታመጣትም ቤትህ ገብታለች።»

አንዷን ስዘጋ ሁለት ይመጣሉ። ሁለቱን ስዘጋ አራት። ማሽኑ ለእኔ ሥራ አልንቀሳቀስ ይበል እንጂ ለቆሻሻው ለካ ጉልበት ነበረው። ጋቢዬን አውልቄ ስክሪኑ ላይ ጣልኩበት። ከጋቢው ሥር ደግሞ ሙዚቃ ጀመረች። የሕፃኑ አባት ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። መምሬ መስቀላቸውን ወደ ጋቢው ከፍ አደረጉና መልሰው አወረዱት። «ይህስ የእኛ ድርሻ አይደለም» አሉ፤ «ባለሙያ ጋ ውሰደው።»

አያ በላቸውን ሄጄ ብነግረው፣ «ታዲያ ፈጥኗል ወይስ አልፈጠነም?» ብሎ ጠየቀኝ። እንደዚህ ያለ ሰው ነው።

ማራኪ ሠፈር አምሳል የምትባል ሴት ኮምፒውተር ትጠግናለች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀልደኛ፣ እጇ የማይቸኩል። «አያ፣ ግባ፣ ተቀመጥ» አለችኝና ላፕቶፑን ገልብጣ ፈታችው። ልዕልቴ፣ ያየሁትን ብጽፍልሽ ምሳሽን አትበዪም። በውስጡ አመድ የመሰለ አቧራ ተጋግሯል። የበረሮ ቅርፊት፣ የበረሮ እንቁላል፣ ከሥሩ ደግሞ የአይጥ ኩስ።

«አያ፣ ይህ ላፕቶፕ ነው ወይስ ጎተራ?» አለች።

ፊቴን አዞርኩ። በጠባብ መቆንጠጫ ከማቀዝቀዣዋ ማራገቢያ ላይ የተጠመጠመ ረጅም ፀጉር መዘዘች፤ ከግማሽ በላይ ሽበት። «ኤጭ!» አልኩ፤ አፌ ቀድሞኝ። አምሳል ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ከወደቀ በኋላ ነው የማን እንደሆነ የገባኝ። ላፕቶፑ ከእናትሽ አልጋ አጠገብ ነበርኮ የሚቀመጠው። ላንሣው አልኩ፤ ሰው ፊት ከቆሻሻ ቅርጫት ፀጉር ማንሣት አፈርኩና ተውኩት።

ከዚያ ዲስኩን አሳየችኝ። የመዳፍ ግማሽ የምታክል ቆርቆሮ ናት። «በዚህች ውስጥ የሚዞር ሳህን አለ፣ እንደ ድሮ ሸክላ። መርፌ የመሰለች ነገር እየተወረወረች የተጻፈውን ታነባለች። ሲያረጅ የተበላ ቦታ ያበጃል። መርፌዋ እዚያ ስትደርስ አንዴ ትሞክራለች፣ አሥሬ ትሞክራለች፣ መቶ ጊዜ ትሞክራለች። አንተ ውጭ ተቀምጠህ ዘገየ ትላለህ።»

«ሊፈጥን አይችልም?»

«ሸክሙን እናቅልለት። መጀመሪያ ይህን ያንተን ማፍጠኛ እንንቀለው። የት አባቱ ያገኘኸው ነው?»

«የማኅበራችን ሙሴ ነው የሰጠኝ።»

«እንኳን ባሕር አላሻገራችሁ» አለች። ሳቅኩ። የሳቅኩት የመጨረሻ ያን ጊዜ ነው።

ማፍጠኛውን ነቀለች። ሳይጠሩ አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ አስቆመች። ዲስኩ እስከ አንገቱ ሞልቷል አለችኝ፤ ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ «እማዬ» የሚለው ነው። «ይህን ብናጠፋው አሁኑኑ ነፍስ ይዘራል» አለች። «እሱንስ አይደለም፣ እሱን ፍለጋ ነው የመጣሁት» አልኳት። እንግዲያው አሮጌውን አውጥተን ምንም የሚዞር ነገር የሌለው አዲስ ዲስክ እናስገባለት፣ ግን ከዚያ በፊት ያለውን በጥንቃቄ እንገልብጥ፣ በመሃል ሊሞትም ይችላል፣ ጸልይ አለችኝ። አያ በላቸው ደግሞ ሁለተኛ ምክር ሰጥቶኝ ነበር፤ የተበታተነውን የሚያሰባስብ ሥራ አስጀምረው ብሎ። እሱን ብታደርግ ኖሮ መርፌዋ ያንን ሁሉ ስትገለባብጥ ዲስኩ በዚያው ይቀር ነበር አለችኝ። አንዳንዴ አስባለሁ፣ ምነው ባደረግኩት ኖሮ ብዬ። ይህንንም ልደብቅሽ አልፈልግም።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ተገለበጠ። አልሞተም። «ደህና መገልበጡን አንዱን ከፍተን እንስማ፤ የቱን?» አለችኝ። ከጎኑ ቀን ተጽፏል። የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ መልሼ ብቆጥር አንዱ ኅዳር ፲፪ ሆነ። የመልአኩ ክብረ በዓል! ደስ አለኝ። «ይህን ክፈችው፣ የሚካኤል ዕለት የተቀዳ ነው» አልኳት። ራሴ ነኝ የመረጥኩት።

እናትሽ መጣች። ልዕልቴ፣ ያንን ድምፅ በስድስት ዓመቱ ስሰማ ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩ። ወንድሟን አስናቀውን ነበር የምታለቅሰው፤ ወደ ዛሪማ ሲወርድ መኪና የተገለበጠበትን፦

ዛሪማ ነው ቢሉኝ ስንቁን አሲዤለት፣
ለካስ አፈር ኖሯል የተቆፈረለት።

አምሳል እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች። «እንዴት ያለች እናት ናት!» አለች። ፎቶ ኮፒ ሊያስደርግ የቆመ ሰውም ወረቀቱን ይዞ ጠጋ አለ። እንባዬን በጋቢዬ እየጠረግኩ ኮራሁ።

ከእናትሽ ድምፅ በስተጀርባ፣ ከግድግዳው ማዶ፣ አንድ ሰው ድርሳነ ሚካኤል ያነባል። ሸጋ ድምፅ ነው፤ የሚወጣ የሚወርድ። «ይህ ማን ነው?» አለች አምሳል። «እኔ ነኝ» አልኳት፤ አሁንም በኩራት።

እዚህ ላይ ያቺን ዕለት ላስታውስሽ፣ አንቺ አልነበርሽምና። የዚያ ወር የማኅበሩ ተራ የእኛ ቤት ነበር። አያ በላቸው ሳምንት ቀደም ብሎ መጥቶ፣ «አዳነ፣ እታገኘሁ እንዲህ ሆና ጽዋው ይለፍህ፤ ማንም አይቀየምህም» አለኝ። ይህን ሁሉ ስሰድበው ቆየሁ እንጂ ያኔ ከእኔ ይልቅ ሰው የነበረው እሱ ነው። «ጽዋው ቤቴን አልፎ አይሄድም» ብዬ መለስኩለት። ሰው «አይ አዳነ! ሚስቱ አልጋ ላይ ሆና ተራውን አላሳለፈም» እንዲለኝ ነበር። አሉኝም። ለጎረቤት ሴቶች የድግሱን ሥራ ሰጥቼ፣ እናትሽን ከጓዳ በሩን ዘግቼባት፣ ሳሎን ሃያ ሰው ተቀምጦ፣ እኔ ነጭ ለብሼ አነብ ነበር። ሕመሟ የማኅፀን እንደነበርና ምን እንደሚያደርጋት ታውቂያለሽ። ጨርቅ መለወጥ ነበረባት፤ ብቻዋን መገላበጥ አትችልም።

አሁን የተቀዳውን ልጻፈው። ቀና ብዬ ልጻፈው።

«አዳነ» ትላለች። ንባቡ ይቀጥላል። «አዳነ» ትላለች። ይቀጥላል። ሦስተኛ ከፍ አድርጋ፣ «አዳነ፣ ኧረ ድረስልኝ፣ ረጥቤያለሁ» ትላለች። ንባቡ ይቆማል። በር ይከፈታል፤ ይዘጋል። ከዚያ በጥርሴ መሃል የምናገረው እኔ፦

«ምነው? ምን ሆነሻል?»

«ጨርቁን ለውጥልኝ። በልጅህ ይዤሃለሁ።»

«አሁን? ሰው ሳይወጣ? ሽታሽኮ ሳሎን ደርሷል! አፍንጫቸውን ይዘው ነው የሚጎርሱት!»

«ምን ላድርግ፣ አዳነ?»

«ኧረ አስጠላሽኝ! አስጠላሽኝ እኮ! ምናለ አንድ ቀን እንኳ ሰው ፊት ባታዋርጂኝ? ዝም በይ። እስኪወጡ ድረስ ድምፅሽን እንዳልሰማ።»

በር ይከፈታል፤ ይዘጋል። ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። ንባቡን እቀጥላለሁ። ያቆምኩበትን መስመር እንኳ አልሳትኩም።

ፎቶ ኮፒ ሊያስደርግ የመጣው ሰው ወረቀቱን አጥፎ ወጣ። ከዚያ የቀረው የእናትሽ ትንፋሽ ብቻ ነው። ከማዶ «አሜን» ይላሉ፣ ይስቃሉ፣ ብርጭቆ ይንኳኳል። አምሳል ድምፁን ዝቅ አድርጋ፣ «ላሳልፈው?» አለችኝ። «አታሳልፊው» አልኳት። አርባ አንድ ደቂቃ ተቀመጥኩ። ሽንጤ ደንዝዞ፣ ያቺ ሴት አርባ አንድ ደቂቃ ረጥባ የተኛችውን እኔ ደረቅ ወንበር ላይ ሆኜ ጠበቅኩ። አንዴም አልተጣራችም። ዝም በይ ብያት የለ።

እንግዶቹ ሲወጡ ይሰማል። «እግዜር ይማርልህ፣ እንደ አንተ ያለ አስታማሚ የት ይገኛል» ይለኛል አንዱ። እኔም «ምን ይደረጋል» እላለሁ።

ያን ጊዜ እናትሽ ወደ ማሽኑ ተጠግታ፣ በሹክሹክታ አንቺን ትጠራለች።

«ልዕልት፣ ልጄ፣ ግጥሙን ያዢና ከዚያ ወዲህ ያለውን አጥፊው። አባትሽ ደክሞት ነው። አልተኛም ሰሞኑን። እኔ ማጥፋቱን አላውቅበትም፣ ቀዩን ብቻ ነው ያሳየሽኝ። አንቺ አጥፊው። ሌላ ሰው እንዳይሰማው።»

እዚያ ላይ ያልቃል።

አምሳል ላፕቶፑን ከደነችው። እስከዚያ ድረስ «አያ» እያለች ስታጫውተኝ የነበረችው ሴት፣ «እርስዎ እንዳሉት ይሆናል» አለችኝ። «ከፈለጉ ያችን ሁለት ደቂቃና ከዚያ ወዲህ ያለውን ቆርጬ ላወጣው እችላለሁ። ግጥሙ ብቻ ይቀራል። ልጅዎ አያውቁም።» ዓይኔን አላየችኝም። እጄን ስዘረጋላት እጇ አቧራ እንደሆነ አሳየችኝና አልጨበጠችኝም። እጇን ከታጠበች ቆይታ ነበር።

«ነገ እነግርሻለሁ» ብያት ወጣሁ።

በእግሬ ነው ወደ ፀዳ የመጣሁት። መንገዱን ሙሉ ራሴን የምጸየፍ መስሎኝ ነበር። ደህና አድርጌ ስመረምረው ግን ያቃጠለኝ ያልኩት ቃል አልነበረም። አምሳል መስማቷ፣ ያ ባለፎቶ ኮፒ መስማቱ ነበር። ከአርባ አንዱ ደቂቃ ይልቅ ሁለት ሰው ፊት መዋረዴ። ያው ኅዳር ፲፪ ቀን የነበርኩት ሰው ነኝ፤ አንድ ፀጉር አልተለወጥኩም።

ረስቼው ነበር ልልሽ አልችልም። አስታውሰው ነበር ብልሽም ውሸት ነው። አሳቤ እዚያ ሲደርስ ቶሎ ብሎ ያልፍ ነበር። ያስታመምኳት እውነት ነው። ያጠብኳትም፣ ያዞርኳትም፣ ስትጮህ ያቀፍኳትም እኔ ነኝ፤ ይህን ጎረቤቱ ሁሉ ይመሰክራል። ነገር ግን አፍንጫዬን በነጠላ አስሬ ነበር የማጥባት፤ እሷም ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትታጠብ፣ እኔን እንዳታይ። በቀብሯ ላይ ሽማግሌው ቆሞ «እንደ አዳነ ሚስቱን ያስታመመ አላየሁም» ሲል አንገቴን ደፋሁ። ሐዘን መሰላቸው።

በማግስቱ መምሬ ህሩይ ዘንድ ሄጄ ሁሉን ተናዘዝኩ። ከዚያ ቀኖናዬን ሰጡኝ፤ ስንት ስግደት፣ ስንት ጾም እንደሆነ የእኔና የእሳቸው ነው። «ለልጄስ ልላከው፣ ልተወው?» አልኳቸው።

«ሟቿ ራሷ ሰውራዋለች» አሉኝ። «የሞተች ሴት የሸፈነችውን አንተ ምን ቤት ነህ የምትገልጠው? የልጅቱን ልብ አትስበር። ግጥሙን ላክላት፣ ሌላውን ለእግዚአብሔር ተወው።»

ደግ ሰው ናቸው፤ ለአንቺ አዝነው ነው። እኔ ግን፣ ልዕልቴ፣ ደስ አለኝ። ከደጀ ሰላሙ ስወጣ እግሬ ቀለለኝ። ወደ አምሳል ልደውል ስልኬን አወጣሁ። «ቁረጪው» ልላት ነው። ቆርጬ ልልክልሽ፣ ጠቅልዬ ልመጣ፣ ልጅሽን ታቅፌ በደጅሽ ልቀመጥ፣ አንቺም ለጎረቤቶችሽ «እናቴን ያስታመመው አባቴ» ብለሽ ልታስተዋውቂኝ። ያ ደስታዬ ነው ከሁሉ የጠነዛብኝ። ከዚያ ከበረሮው ቤት ይልቅ። በሕይወቷ ዝም በይ ብያት ዝም አለችልኝ፤ አሁን ደግሞ ሞታ ዝም ትበልልኝ? ስንት ጊዜ ትሸፍነኝ ይህች ሴት?

ዲስኩ ሞተ ብዬ ልጽፍልሽም እችል ነበር። ትንሽ ሲቀረው ነው የዳነው፤ ውሸቴ እውነት ሊመስል አንድ ጣት የቀረው ውሸት ነበር። ታምኚኝ ነበር። ታምኚኛለሽ፣ ያ ነው ችግሩ።

ለአምሳል ደወልኩና ምንም እንዳትቆርጪ አልኳት። «እርግጠኛ ነዎት?» አለችኝ። «አይደለሁም፤ ግን አትቁረጪ» አልኳት። ግጥሞቹን ሁሉ በእኔም ማሽን ላይ አስቀርታልኛለች። ያ የኅዳር ፲፪ ቀኑ ግን እኔ ዘንድ የለም፤ እሷም ዘንድ የለም። አሮጌውን ዲስክ ዓይኔ እያየ በመዶሻ ሰብራዋለች። ያለው በዚህ ጨርቅ ውስጥ ባለው ፍላሽ ላይ ብቻ ነው። ይህን ያደረግኩት ነገ ፈርቼ እንዳልነካካው ነው፤ ራሴን አውቀዋለሁና።

እናትሽ አጥፊው ብላለች። ያለችው ግን አንቺን ነው። እኔን አላለችኝም፣ አምሳልን አላለችም፣ መምሬ ህሩይንም አላለችም። ብትሰሚው ከሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ይጀምራል። ስትሰሚ ልጅሽ አጠገብሽ አትሁን፤ ባልሽ ግን ይኑር። ሳትሰሚ ብታጠፊውም የእናትሽን ቃል ፈጸምሽ እንጂ አላጠፋሽም፤ እኔ ምን እንደነበርኩ ግን ይኸው በእጄ ጽፌልሻለሁና ደብዳቤውን ማጥፋት አትችይም፤ አንብበሽዋል።

ጠቅልለህ ና ስላልሽኝ ነገር አሁን መልስ አልሰጥም። ደብዳቤው ሳይደርስሽ በፊት ያልሽው አይቆጠርብሽም። እሑድ ባትደውዪ አልቀየምም። ሁለት እሑድም፣ ከዚያም በላይ ቢሆን። ደውለሽ የምትጮሂብኝ ከሆነ ግን ጩኺ፤ አልዘጋውም፤ እስክትጨርሺ ቆሜ እሰማለሁ። ስትጣራ ያልሰማኋት ድምፅ በአንቺ አፍ ቢመጣብኝ ተገቢዬ ነው።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍም። ይቅር የምትለኝን ሴት ዝም በይ አልኳት።

ልጅሽን ሳሚልኝ። መልአኩ ከአጠገቧ አይለይ። ብትታመም ድረሱልኝ ባለች ጊዜ በመጀመሪያው ጥሪ የሚደርስላት ሰው አያሳጣት። አንቺም ስታረጂ አልጋሽን የማይጸየፍ እጅ እግዚአብሔር ያዘጋጅልሽ። የእናትሽን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን፤ ደረቅ ጨርቅ ላይ፣ ንጹሕ ቦታ ላይ፣ ተኝታ ሳይሆን ተቀምጣ።

አባትሽ
አዳነ